መሪው ወደ አንድ ጎን ሲስብ፦ በባለ ፎርዊል መኪና ላይ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

መሪው ወደ ግራ ሲስብ አብዛኛው ሰው በቀጥታ ሄዶ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ልክ ማስተካከያ) ያሠራል። አልሻል ሲለው ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ይቀይራል፤ ያም ካልሠራ ቦል ጆይንት (ጎማው የሚዞርበትን ባለ ሉል መጋጠሚያ) ይቀጥላል። በመጨረሻ መኪናው ግማሽ እግሩ አዲስ ሆኖ አሁንም ወደ ግራ ይሄዳል። እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ። ሁለት ቦል ጆይንትና አንድ የመሪ ዳምፐር (የመሪውን ንዝረት የሚያበርድ ክፍል) ከቀየርሁ በኋላ ጥፋተኛው የፊት ጎማ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ጎማ አቀያይሮ መፈተን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር፤ እኔ ግን ያን ፈተና መጨረሻ ላይ ነው ያደረግሁት።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አይዝለሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ከሱ በኋላ የሚመጣውን ያቀልለታል። አንድ ፈተና በግልጽ ሳያመለክተው ምንም ዕቃ አይግዙ።

መጀመሪያ የችግሩን ዓይነት ይለዩ

"ይስባል" በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ጥፋቶች ይደበቃሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ክሪክ አያንሡ።

- መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፦ ይህ እውነተኛው መሳብ ነው። ጎማ፣ ተይዞ የቀረ ፍሬን፣ የተዛባ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ወይም ካስተር (ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ማዘንበል)፣ ከቦታው የተንሸራተተ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኘው)።
- ፍሬን ሲይዙ ብቻ ይስባል፦ ከአንዱ ጎን ፍሬኑ በደንብ አይሠራም፣ ወይም ጎማውን ከመኪናው አጽም ጋር የሚያይዘው አርም (ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም የመጋጠሚያው ላስቲክ፣ አልቆ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል።
- ነዳጅ ሲሰጡት ወደ አንድ ጎን፣ ሲለቁት ወደ ሌላው፦ የኋላ አክስል ይንቀሳቀሳል። ባሌስትራውን (የቅጠል ሞላውን)፣ ጎሚኒዎቹንና አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ይጠርጥሩ።
- ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ በየጊዜው ማስተካከል ይጠይቃል፦ ይህ መሳብ አይደለም። ያለቀ መጋጠሚያ፣ የተዛባ ቶ (የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ወይም ያነሰ ካስተር ነው።
- ወደ ግራ ከታጠፉ በኋላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከታጠፉ በኋላ ወደ ቀኝ ይስባል፦ አንድ መጋጠሚያ ጠብቆ ወይም ዝጎ መሪው ወደ መካከሉ እንዳይመለስ ይዞታል።
- መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ተጣሞ ይቆማል፦ የታይሮድ ወይም የመሪ ዘንግ ርዝመት ማስተካከያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የእርስዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ወደየት፣ በምን ፍጥነት፣ ከምን በኋላ የጀመረ። "ድንጋይ ከመታሁ ወዲህ" እና "ቀስ በቀስ የመጣ" ፍጹም የተለያየ ቦታ ይወስዳሉ። የመጀመሪያው የተጣመመ፣ ሁለተኛው ያለቀ ነገር ይጠቁማል።

የሚያስፈልግ ዕቃ

አስተማማኝ ክሪክ፣ ቢያንስ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ አራት ታኮ፣ ወፍራም ጣውላ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ሜትር፣ ረጅም ሌቫ (መፈንቀያ ብረት)፣ የእጅ ባትሪ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠመኔ እና ቶርክ መፍቻ (የማጥበቅ ኃይልን የሚለካ)። ከሁሉም በላይ ግን መሪ የሚያወዛውዝልዎ ሰው ያስፈልጋል። የእጅ ሙቀት መለኪያ ካለዎት ደረጃ 4ን ያፈጥናል።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና ሲያነሡ

በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ "እጄን ብቻ ላስገባ" ቢሉም።

መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ጣውላ ያንጥፉ። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ከፊትም ከኋላም ይያዙ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያውቁትም፦ እንደ ቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ሻፍት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) የተነሣውን ጎማ ወደ ኋላ፣ መሬት ላይ ያለውን ደግሞ ወደፊት እንዲዞሩ ይፈቅድላቸዋል፤ መኪናው የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ይንከባለላል። ታኮ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ሳይታጠብ ይመልከቱ፣ ከዚያ ይጠቡ

ጭቃ ያለበትን መኪና ወዲያውኑ አጥቦ መጀመር ስሕተት ነው። ውኃው ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ በባትሪ ይመልከቱ፦

1. ከቦል ጆይንትና ከታይሮድ ጫፍ ላስቲክ ሽፋን የወጣ ግሪስ አለ? ሽፋኑ ከተቀደደ አቧራና ውኃ ገብቷል፤ መጋጠሚያው ዛሬ ባይላላም ዕድሜው አጭር ነው።
2. ከጎማው የውስጥ ጎን የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወይም ግሪስ አለ?
3. ሁለት ብረቶች በሚጋጠሙበት ቦታ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም እንደ መስተዋት ያበራ የመፋተግ ምልክት አለ? በቡሎን ራስ ዙሪያ እንዲህ ያለ ዱቄት ካዩ ያ ክፍል ሲንቀሳቀስ ኖሯል። ብዙ ጊዜ ከሌቫ ፈተና ቀድሞ እውነቱን የሚናገረው ይህ ዱቄት ነው።
4. የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር በሚታሰርበት ዙሪያ ቀለሙ የተሰነጠቀበት፣ ከስንጥቁም ዝገት የወረደበት ቀጭን መስመር አለ? ካለ ሻንሲው ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። መኪናውን አይንዱት፤ ብየዳ የሚችል ባለሙያ ያምጡ።

አሁን ይጠቡ። የቸርኬውን ውስጥ በተለይ ይጠቡ፤ በአንድ በኩል የደረቀ ጭቃ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያንን የክፍል ማለቅ አድርገው እንዳይወስዱት።

ደረጃ 2፦ ጎማና ነፋስ

1. ጎማዎቹ ቀዝቃዛ እያሉ ነፋሱን ይለኩ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ልዩነት ብቻውን መኪናውን ወደ ጎደለው ጎን ሊስበው ይችላል። ለአሸዋ ነፋስ ካጎደሉ በኋላ አንዱን ጎማ በትክክል አለመሙላት በጣም የተለመደ ነው።
2. የአራቱንም መጠንና ዓይነት ያወዳድሩ። ከፊት አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ገና አይጀምሩ።
3. መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ያንሸራትቱ። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ቶው ተዛብቷል። የውስጡ ወይም የውጩ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ካምበርን ይጠርጥሩ። በየቦታው ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል፣ ወይም ኩሽኔታው ላልቷል። ሽቦው የወጣበትን ጎማ ከመዳፍዎ በፊት በዓይንዎ ይለዩ፤ እጅ ይቆርጣል።
4. የጎማውን ጎን ይመልከቱ። ያበጠ ካለ ውስጡ ተበጥሷል፤ ወዲያውኑ ያውጡት።

ደረጃ 3፦ የመንገድ ሙከራና የጎማ ማቀያየር

መንገድ ሁሉ ውኃ እንዲፈስስ ወደ ጠርዙ ያዘነብላል። ስለዚህ ማንኛውም ጤነኛ መኪና ወደ ጠርዙ ትንሽ ይሄዳል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ሰፊ፣ ሜዳ የሆነና ማንም የሌለበት ቦታ ያግኙ፤ በአንድ አቅጣጫ ይንዱ፣ ከዚያ ያንኑ መሬት በተቃራኒ አቅጣጫ ይንዱ። በሁለቱም ወደ አንድ እጅዎ ከሳበ ጥፋቱ የመኪናው ነው። አቅጣጫውን ከቀየረ ጥፋቱ የመሬቱ ነው።

ከመሞከርዎ በፊት መኪናው በሁለት ጎማ መንዳት ላይ መሆኑን፣ የዲፈረንሻል መቆለፊያው መለቀቁን ያረጋግጡ። በደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል የገባ መኪና መሪው ይከብዳል፣ ይገፋል፤ ያኔ የሚያገኙት ውጤት ዋጋ የለውም። የፊት ጎማ ላይ በእጅ የሚቆለፍ መዘውር ካለ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ይሁኑ።

መሳቡ ከተረጋገጠ፦

1. የፊት ግራንና የፊት ቀኝን ጎማ ያቀያይሩ።
2. እዚያው ቦታ እንደገና ይንዱ።
3. መሳቡ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ ጎማው ነው። ከጠፋም ጎማው ነው። ካልተለወጠ ጎማውን ከዝርዝሩ ይሰርዙ።

ጎማው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ቀስት የተጻፈበት ከሆነ ግራና ቀኙን ሳይሆን የፊቱን በዚያው ጎን ካለው የኋላ ጋር ይለውጡ፤ በመጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ካልተሳካ ሌላውን። ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ በቶርክ መፍቻ ያጥብቁ።

መሪው ድንገት ከእጅ እስኪያመልጥ ድረስ ቢንቀጠቀጥ አጥብቀው ይያዙት፣ እግርዎን ከነዳጅ ያንሡ፣ ፍሬኑን በድንገት ሳይረግጡ ፍጥነቱ እስኪወርድ ይጠብቁና ያቁሙ። ከዚያ ሙከራው አብቅቷል፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ።

ደረጃ 4፦ የተያዘ ፍሬን

ከመንገድ ሙከራው እንደተመለሱ፣ በተቻለ መጠን ፍሬን ሳይጠቀሙ ያቁሙና የአራቱን ጎማ መካከል ሙቀት ያወዳድሩ። መለኪያ ከሌለ እጅዎን ወደ ቸርኬው ያስጠጉ እንጂ ዲስኩን አይንኩ። ጥቂት ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት የሚንጫጫ ዲስክ ካለ እና የሌላው ጎን ካልተንጫጫ፣ የተያዘውን አግኝተዋል። መኪናው የሚስበው ወደ ሞቀው ጎን ነው።

አሁን ምክንያቱን ይለዩ፦

1. ያንን ጎማ አንሥተው፣ ማርሹን ገለልተኛ አድርገው በእጅ ያዙሩት።
2. ፍሬኑን አስረግጠው ያስለቅቁ፤ እንደገና ያዙሩ። ከተያዘ፣
3. የካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) የአየር ማስወጫ በጥቂቱ ይክፈቱ። ፈሳሽ በኃይል ወጥቶ ጎማው ከተፈታ ግፊቱ ታፍኖ ቆይቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የላስቲክ ቱቦው ከውስጥ አብጦ እንደ አንድ አቅጣጫ በር ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ግን ጤነኛ ይመስላል። ካልተፈታ ፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ ማንሸራተቻ ፒን ዝጓል።
4. ማስወጫውን ይዝጉ፣ ፈሳሹን ይሙሉ፣ አየር ያስወጡ። ይህን ሳይጨርሱ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

ሲፈርኑ ብቻ የሚስብ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሚስብበት *ተቃራኒ* ጎን ነው። የሚስበው ፍሬን በደንብ የሚሠራው ነው፤ ሌላው ዘይት ነክቶት ወይም ዝጎ ሰንፏል።

ደረጃ 5፦ ጎማው መሬት ላይ እያለ መሪውን ማወዛወዝ

አንድ ፈተና ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ሰዎች መኪናውን አንሥተው ጎማ ይወዘውዛሉ፤ ነገር ግን ያላለቀ የሚመስል መጋጠሚያ ክብደት ሲያርፍበት ነው ምስጢሩን የሚያወጣው።

1. መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ታኮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። የኃይል መሪ ካለው ሞተሩ ይነሣ፤ ማርሹ ገለልተኛ ይሁን።
2. ረዳትዎ መሪውን በአጭሩ፣ ጎማው መዞር እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ፣ ግራና ቀኝ ያለማቋረጥ ያወዛውዝ።
3. እርስዎ ከጎን ሆነው ከመሪ ዘንጉ ጀምረው እስከ ጎማው ድረስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በተራ ይከተሉ፦ የመሪ ዘንግ መስቀለኛ፣ የመሪ ሳጥን፣ ፒትማን አርም (ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ክንድ)፣ የመሪ ዘንጎች፣ አይድለር አርም (በሌላው ጎን ዘንጉን የሚደግፈው ክንድ) ካለ፣ ታይሮዶች።
4. በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጣትዎን ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ክፍል ላይ እንዲያርፍ ያስቀምጡ። ዓይን የማያየውን ክፍተት ጣት ይሰማዋል።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ወደ መጋጠሚያው የሚገባው ክፍል ተንቀሳቅሶ ከሱ የሚወጣው ከዘገየ፣ ያለቀው ያ መጋጠሚያ ነው። እጅዎን በሁለት ዘንግ መካከል አያስገቡ፤ ሞተር የሚረዳው መሪ ጣት ይሰብራል።

ሞላ ያለውና አንድ ወጥ የፊት አክስል ያለው መኪና ካለዎት በዚሁ ፈተና ፓንሃርድ ዘንጉን ለብቻው ይመልከቱ። ይህ ዘንግ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዘው ነው። መሪው ሲወዛወዝ የዘንጉ ጫፍ በመቀመጫው ውስጥ ጎን ለጎን ከተንሸራተተ፣ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ ያ የኃይለኛው መንቀጥቀጥ ዋና ምንጭ ነው። የተሞላለለ ቀዳዳን ቡሎን በማጥበቅ አያድኑትም፤ መቀመጫው መጠገን አለበት።

በመሪው ጠርዝ ላይ ጎማው ሳይንቀሳቀስ የሚሄደውን ርዝመት ይለኩ። በብዙ መኪኖች መመሪያ ከፍተኛው 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ውጭ ያሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ ጤነኛ ከሆኑ ብቻ ወደ መሪ ሳጥኑ ይሂዱ። በሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ሁሉንም የምትፈውስ አድርጎ የሚያጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀች መሪው ወደ መካከል አይመለስም፣ ሳጥኑም ውስጡ ይበላል። ካስፈለገ ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን ብቻ፣ በየጊዜው ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞሩ ይሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ጎማውን አንሥቶ መወዝወዝ

የፊቱን አንሥተው በመደገፊያ ላይ ያሳርፉ። የት እንደሚያሳርፉ ወሳኝ ነው። ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) የታችኛውን አርም የሚጫን ከሆነ መደገፊያው ከታችኛው አርም ሥር፣ በተቻለ መጠን ወደ ጎማው ቀርቦ ይሁን። የላይኛውን አርም የሚጫን ከሆነ ደግሞ ከሻንሲው ሥር ይሁን። እንዲህ ካልሆነ የሞላው ግፊት ቦል ጆይንቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘውና ያለቀው እንደ አዲስ ይመስላል። "ፈትሸነዋል፣ ምንም የለውም" የሚባለው ቦል ጆይንት ከሳምንት በኋላ የሚወልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

1. አንድ እጅ በጎማው አናት፣ አንድ እጅ በግርጌው ይያዙና ይግፉ፣ ይሳቡ። ጨዋታ (ላልቶ መንቀሳቀስ) ካለ ኩሽኔታ፣ ቦል ጆይንት ወይም ኪንግ ፒን (በአንዳንድ መኪኖች በቦል ጆይንት ፈንታ ጎማው የሚዞርበት ፒን) ነው።
2. የትኛው እንደሆነ ለመለየት ረዳትዎ ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፣ እርስዎ እንደገና ይወዝውዙ። ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬኑ ዲስኩን ከያዢው ጋር አንድ አድርጎታልና። ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም ኪንግ ፒን ነው።
3. አሁን በግራና በቀኝ ጠርዙ ይያዙና ይወዝውዙ። እዚህ ብቻ ጨዋታ ካለ ታይሮድ ነው፤ ረዳትዎ ይወዝውዝልዎትና በጣት ያግኙት።
4. ከጎማው ሥር ሌቫ አስገብተው ወደ ላይ ያንሡ፤ ዓይንዎ በቦል ጆይንቱ ላይ ይሁን። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከአምራቹ መመሪያ ልክ ጋር ያወዳድሩ።
5. ጎማውን በእጅ በፍጥነት ያዙሩና ሌላውን እጅ በሞላው ላይ ያኑሩ። ሻካራ ንዝረት ከተሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል።

ላንድክሩዘር 70 እና 80፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ60 እና ዋይ61፣ ሱዙኪ ጂምኒ እና የቀድሞው ዲፌንደር ፊታቸው ላይ ቦል ጆይንት ሳይሆን ኪንግ ፒን አላቸው። ጂፕ ራንግለር ግን አንድ ወጥ አክስል ይዞም ቦል ጆይንት ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ አክስሉን አይተው ብቻ አይፍረዱ። ኪንግ ፒን ባላቸው ላይ የላይና የታች ጨዋታ ካገኙ፣ ፍሬን ተረግጦም ካልጠፋ፣ የኪንግ ፒኑ ኩሽኔታዎች አልቀዋል ወይም ጥብቀታቸው ወርዷል። የሉል ቅርጽ ካለው መያዣ ዙሪያ ፈዛዛ፣ እንደ ሾርባ የቀጠነ ግሪስ ከወጣ የአክስሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል፤ የውስጡ ዘይት ማገጃ አልቋል፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ ሲከፈት አብሮ ይቀየር።

መሪው ከዞረበት አልመለስ ለሚል መኪና ደግሞ ሁለቱም የፊት ጎማ እንደተነሣ ሞተሩን አጥፍተው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ። በአንድ ቦታ ከጠበቀ የመሪ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ፈትተው የጠበቀውን ይለዩ። ከዚያ ሞተሩን ያስነሡ፣ እጅዎን ከመሪው ያንሡ። መሪው ራሱን ካዞረ ጥፋቱ በመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የዘይት ማከፋፈያ ነው፤ በእግር ክፍሎቹ ላይ ጊዜ አያባክኑ።

የመሪ ዳምፐሩስ? በጋዝ የተሞላ ዓይነት ከሆነ ሁልጊዜ መዘርጋት ስለሚፈልግ መሪውን በጥቂቱ ሊገፋ ይችላል። አንዱን ጫፍ ፈትተው፣ በቀስታ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይሞክሩ። ነገር ግን ለመንቀጥቀጥ ብሎ ዳምፐር መቀየር ለትኩሳት ብርድ ልብስ መደረብ ነው፤ ምልክቱን ይሸፍናል፣ ያለቀው ክፍል ሥር ሆኖ ማለቁን ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ጎሚኒ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ

ጎሚኒ ትንሽ መላወስ የተፈጥሮው ነው፤ በሌቫ ሲገፉት ከተንቀሳቀሰ ወዲያውኑ አይኮንኑት። የሚኮነነው ብረት ከብረት ሲገናኝ፣ የመካከሉ ቱቦ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ፣ ወይም ላስቲኩ ከቅርፊቱ ሲላቀቅ ነው። የላይኛው ቆዳ ስንጥቅጥቅ ብቻውን አያስጥለውም።

በባሌስትራ ላይ የሚታዩት ነጥቦች ሦስት ናቸው። የተሰበረ ቅጠል፤ የላሉ ዩ ቅርጽ ቡሎኖች፤ ከሁሉም ይልቅ ተደብቆ የሚያስቸግረው ደግሞ የተቆረጠ የማዕከል ቡሎን። ይህ ቡሎን ሲቆረጥ አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናው ጎን ለጎን እንደሚሮጥ ውሻ ተጣሞ ይሄዳል።

እንዲህ ይለኩት፦

1. ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው፣ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ።
2. ከፊት ጎማው መካከል እስከ ኋላ ጎማው መካከል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ።
3. ልዩነት ካለ መኪናው ብዙውን ጊዜ የሚስበው አጭር ወደሆነው ጎን ነው። ያጠረው ከፊት ወይም ከኋላ እንደሆነ ለማወቅ ከሻንሲው ላይ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይምረጡና ከእሱ ወደ እያንዳንዱ አክስል ይለኩ።

ከፍታውንም ይለኩ፤ ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። እንዲህ ሲለኩ የጎማ ነፋስ ውጤቱን አያዛባውም። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ የተሰበረ ሞላ፣ የደከመ ባሌስትራ ወይም የተፈታ ቶርሽን ባር ይፈልጉ። ሾክ አብዞርበር መኪናን አይስበውም፤ ዘይት ካፈሰሰ ግን ይቀይሩ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርገው።

ደረጃ 8፦ የፊት ጎማዎችን ቶ በሜትር መለካት

1. መኪናውን ወደ ፊት ጥቂት ሜትር ገፍተው ያቁሙ፤ ወደ ኋላ አይመልሱት።
2. በሁለቱም የፊት ጎማ ጥርስ መካከል፣ ከኋላ በኩል፣ በመካከሉ ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ።
3. ምልክቶቹ ከፊት በኩል በዚያው ከፍታ እስኪመጡ ድረስ መኪናውን ወደ ፊት ይግፉ። እንደገና ይለኩ።
4. የፊቱ ርቀት ከኋላው ካነሰ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ከበለጠ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ትክክለኛው ልክ በመኪናዎ መመሪያ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ሜትሩን ሳይሆን ታይሮዱን ይመልከቱ፤ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ አሁን አላይመንት

ያለቀ ክፍል እያለ አላይመንት ማሠራት ከፈረሱ ጋሪውን ማስቀደም ነው። ማሽኑ የሚለካው መኪናው በዚያች ደቂቃ ያረፈበትን ቦታ ነው፤ የላላው መጋጠሚያ ከበሩ ሳይወጡ ቦታውን ይለውጣል። ላልተው የነበሩት ሁሉ ከተቀየሩ በኋላ ግን የታተመውን ወረቀት ይጠይቁና ራስዎ ያንብቡት፦

- መኪናው ካምበሩ የበለጠ ፖዘቲቭ ወደሆነው፣ ማለትም የጎማው አናት የበለጠ ወደ ውጭ ወደ ወጣበት ጎን ይስባል።
- ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይስባል።
- የፊት ቶ መዛባት ጎማ ይበላል፣ መኪናውን ያዋልላል፤ በአብዛኛው ግን አይስብም።
- የግራና የቀኝ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ካለፈ ምክንያቱን ይጠይቁ።

"ሁሉም አረንጓዴ ነው" ለሚል መልስ አይርኩ። ግራው በተፈቀደው የታች ጠርዝ፣ ቀኙ በላይኛው ጠርዝ ላይ ሆኖ ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናው ግን ይስባል።

መኪናዎ ከፍ ተደርጎ ከሆነ፣ በተለይ ሞላና ራዲየስ አርም (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዝ ረጅም ክንድ) ያለው አንድ ወጥ አክስል ከሆነ፣ አክስሉ ወደ ፊት ተሽከርክሮ ካስተሩ ይቀንሳል። መሪው ይቀልላል፣ ወደ መካከልም አይመለስም። ይህ ያለቀ ክፍል አይደለም፤ መፍትሔው ካስተሩን የሚመልስ ጎሚኒ ወይም አርም ነው።

ሲገጥሙ የሚበላሹት ነገሮች

የጎሚኒ ቡሎኖችን መኪናው በአየር ላይ እያለ በእጅ ብቻ ያስይዙ። መጨረሻውን የሚያጠብቁት ክብደቱ ጎማ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። በአየር ላይ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል።

የቦል ጆይንት ዳዶ ላይ የማቆሚያ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ እስከሚቀጥለው ቀዳዳ ያጥብቁ፤ በጭራሽ ወደ ኋላ አይፍቱ። የድሮውን ሽቦ አይመልሱ። ታይሮድ ከማውጣትዎ በፊት ስንት ጥርስ እንደታየ ይቁጠሩና ይጻፉ፤ አዲሱን በዚያው ቁጥር ሲገጥሙ መኪናው እስከ አላይመንት ቤት ድረስ በሰላም ይሄዳል።

የጎማ ዳዶዎችን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ዩ ቅርጽ ቡሎኖችን ደግሞ ከመጀመሪያው አስቸጋሪ መንገድ በኋላ እንደገና በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ።

ሁሉም ተደርጎ አሁንም የሚስብ ከሆነ

ወደ ደረጃ 3 ይመለሱና ጎማዎቹን እንደገና ያቀያይሩ፤ አላይመንት ሲሠራ ነፋሱን የለወጠ ወይም ጎማ ያዟዟረ ሰው ሊኖር ይችላል። ከዚያ የጎን ርቀቶቹን ዳግም ይለኩ፤ በዚህ ጊዜ ከሻንሲው ፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ በሰያፍ ጭምር። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ የተጣመመው ሻንሲው ራሱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሻንሲ ማቅኛ ማሽን ያለው ጋራዥ ሥራ ነው። የጻፏቸውን ቁጥሮች ይዘው ይሂዱ።